እንሰቱ ተነቅሎ ጫት ይተከል? ከዶማው በፊት ቆጠራ ይቅደም

ጥያቄው ይህ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ነው የምሠራው። ቤተሰቦቼ ዳሌ ወረዳ፣ ገጠር ናቸው። መሬታቸው ሁለት ጥማድ ነው። ግማሹ እንሰት፣ የቀረው ቡናና በቆሎ ነው። አንድ ላም አለቻቸው። ቤት ውስጥ ስድስት ሰው አለ፣ ከነዚህ ሁለቱ ትናንሽ ልጆች ናቸው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ እንሰቱ እየጠወለገ ይሞታል። ታላቅ ወንድሜ "ሁሉንም ነቅለን ጫት እንትከል፣ በጫቱ ብር ዱቄት እንገዛለን" ይላል። ጎረቤቶቻችን እንዲህ አድርገው ጥሩ ቤት ሠርተዋል። እናቴ "እንሰቴን የነካ ከኔ ጋር አይኖርም" ብላለች። አባቴ ዝም ብለዋል። እኔ በየወሩ ትንሽ ብር እልካለሁ። ብሩ ምን ላይ ቢውል ይሻላል? ከሁለቱ ማን ነው ልክ?»

እህቴ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ምክንያቱን ከዚያ እንጫወታለን። እንሰቱ ሁሉ አይነቀል። ወንድምሽም ባዶ እጁን አይቅር። ቅደም ተከተሉ ከተስተካከለ ሁለት ጥማድ ለሁለቱም ሐሳብ ይበቃል። ግን መጀመሪያ የሚቆጠር ነገር አለ። እሱ ሳይቆጠር ማንም ዶማ አያንሳ።

የሚቆጠረው እንሰቱ ነው። ስንት ሥር እንዳለ ብቻ አይደለም፣ ስንት ዓመቱ እንደሆነም ጭምር።

እንሰት እንደ በቆሎ በበልግ ተዘርቶ በመኸር አይሰበሰብም። እንደ ዝርያውና እንደ አካባቢው ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈልጋል። ምርቱ የሚበዛው አበባ ሊያወጣ ሲቃረብ ነው። ስለዚህ በደህና ጓሮ ውስጥ ሁልጊዜ የተለያየ ዕድሜ ያለው እንሰት አለ። ዘንድሮ የሚፋቅ አለ። ለከርሞ የሚደርስ አለ። ከሥሩ ሌላ፣ ከዚያ በታች ሌላ እያለ እስከ ችግኙ ይወርዳል። እናትሽ ይህን በቃላቸው ያውቁታል። ወንድምሽ ጓሮውን ሲያይ አረንጓዴ ቅጠል ያያል። እሳቸው የሚያዩት የሚቀጥሉትን ዓመታት ቀለብ ነው።

አሁን ትንሽ ስሌት እንሥራ። ስለ እንሰት በሚጻፉ ጥናቶች ደጋግሞ የሚጠቀስ አንድ ግምት አለ። ከ5 እስከ 6 ሰው ያለበት ቤተሰብ ለምግቡ ከ40 እስከ 60 የደረሰ እንሰት ይበቃዋል ይላል። ይህ የሚይዘው መሬት ከ250 እስከ 375 ካሬ ሜትር ነው። የእናንተ ቤት ስድስት ሰው ነው፣ ስለዚህ መካከለኛውን 50 የአንድ ዓመት ቀለብ አድርገን እንውሰድ። እንሰቱ ለመድረስ 6 ዓመት ይፈጃል ብንል፣ በየዓመቱ 50 ለመቁረጥ ጓሮው ውስጥ 300 ያህል ሥር በየዕድሜው መኖር አለበት። ለእያንዳንዱ 6 ካሬ ሜትር ብንሰጠው 1,800 ካሬ ሜትር ይመጣል። ጥማድ በተለምዶ ሩብ ሄክታር ነው፣ 2,500 ካሬ ሜትር። ትናንሾቹ ተጠጋግተው ስለሚተከሉ በእውኑ የሚያስፈልገው ከዚያም ያንሳል።

ይህ ምን ማለት ነው? የስድስት ሰው ዋና ቀለብ ከአንድ ጥማድ ባነሰ መሬት ላይ ይቆማል። ሌላው ጥማድ ለቡናም፣ ለሌላም ክፍት ነው። ወንድምሽ ለብር የሚሆን መሬት እንዲያገኝ እንሰቱ መጥፋት የለበትም። ሒሳቡን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ብታሳዪው ከእናቱ ጋር ከመጨቃጨቅ ያድነዋል።

ሲቆጠር ግን አንድ ነገር ሊታይ ይችላል። መሀል ላይ ክፍተት ይኖር ይሆናል። ለምሳሌ የደረሱት ጥቂት፣ የሦስትና የአራት ዓመቶቹ ምንም፣ ከዚያ ችግኝ ብቻ። ይህ በብዙ ቤት ያጋጥማል። አንድ ዓመት ዝናብ ይቀራል፣ ወይ ሰው ይታመማል። ቤተሰቡ ያልደረሰውን እንሰት መቁረጥ ይጀምራል። ያልደረሰ እንሰት የሚሰጠው ቆጮ ትንሽ ነው። ስለዚህ በአንድ የደረሰ እንሰት ፈንታ ሁለት ሦስት ይቆረጣል። በሚቀጥለው ዓመት መድረስ የነበረበት ዘንድሮ ተበልቷል። ክፍተቱ ከዓመት ዓመት ይሻገራል። ገጠር ውስጥ «ያ ቤት ድሮ ደህና ነበር» የሚባለው ቤት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የወደቀው። ቀስ ብሎ፣ ማንም ሳያስተውል።

ሁሉን መንቀል ደግሞ ያንን ክፍተት በአንድ ቀን መፍጠር ነው። «ጫቱ ካላዋጣ ወደ እንሰቱ እንመለሳለን» የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ይሰበራል። ዛሬ ሐሳብ ቢቀየር ቆጮው የሚመጣው ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ስድስት ሰው ምን ይብላ?

«ዱቄት እንገዛለን» ይላል ወንድምሽ። እሺ፣ እንየው።

ጫት ኃጢአት ነው ልልሽ አልመጣሁም። ብር ያመጣል፣ ይህን መካድ አይቻልም። ወንዶ ገነትንና አካባቢውን ያየ ሰው ያውቀዋል። ነገር ግን ጫት ዋጋ የሚያወጣው በበጋ ነው፣ ቅጠል በሚጠፋበት ጊዜ። በበጋ ቅጠል እንዲያወጣ ውሃ ይፈልጋል። በክረምት ያለ ውሃም ያቆጠቁጣል፣ ግን በክረምት የሁሉም ሰው ጫት ስለሚያቆጠቁጥ ዋጋው ይወርዳል። ቤተሰቦችሽ ከወንዝ ወይም ከጉድጓድ ውሃ ይስባሉ? አልነገርሽኝም። ካልሳቡ ወንድምሽ የሚያስበው የጎረቤቱን የበጋ ዋጋ ነው፣ የሚሸጠው ግን በራሱ የክረምት ዋጋ ይሆናል።

ሌላም አለ። ጫት ከተቆረጠ በኋላ የሚቆየው ሁለት ቀን ቢሆን ነው። መንገድ ከተዘጋ፣ መኪና ከቀረ፣ ነጋዴው ካልመጣ፣ ለላሟ እንኳ የሚሆን አይደለም። ቡና ደርቆ ጎተራ ይገባል። ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ ወራትን፣ ሲይዝለትም ዓመትን ይቆያል። ጫት ግን ያንኑ ቀን ዋጋ የሚወስንለት ሌላ ሰው ነው። የተተከለውም ወዲያው አይደርስም፣ ደህና ቅጠል ለመቁረጥ ሁለት ሦስት ዓመት መጠበቅ አለ። ኬሚካሉንም እንዳትረሺው። ጫት ላይ መረጨት የሌለበት መድኃኒት፣ ማላታይንና ዲዲቲ ጭምር፣ ሲረጭ መኖሩ የታወቀ ነው። ሁለት ትናንሽ ልጆች ባሉበት ግቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቤት ስለሠሩት ጎረቤቶች ሁለት ጥያቄ ጠይቂልኝ። ጫቱን የተከሉት መቼ ነው? ውሃስ አላቸው? ሦስተኛም ልጨምር፦ ግንቦት ላይ ምን ይበላሉ? ቆርቆሮው ከመንገድ ይታያል። ግንቦት ላይ ከሱቅ በዱቤ የተወሰደው ዱቄት ግን ከመንገድ አይታይም።

በብር ብቻ የሚበላ ቤት እንደ ደሴት ነው። ምግቡ ከማዶ በጀልባ የሚመጣለት ማለቴ ነው። ዝዋይ ሐይቅ ላይ ያሉት የዘይ ሰዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ቱሉ ጉዶን የመሰሉ ደሴቶች ላይ ተዳፋቱን በድንጋይ እርከን ከፍለው ያርሱ ነበር፣ ዓሣም ያጠምዱ ነበር። በጀልባ ከየብስ የሚመጣውን እህል ብቻ አልጠበቁም። መሬቱ ሲጠብና ሲደክም ብዙዎቹ ወደ ሐይቁ ዳር ወጥተው ሰፈሩ። ዳሌ ደግሞ አስፋልት አጠገብ ነው፣ ደሴት አይመስልም። ግን የበቆሎ ዋጋ ሲወጣና የጫት ዋጋ ሲወርድ፣ ሁለቱ በአንድ ወር ሲገጥሙ፣ አስፋልቱ ምንም አይፈይድም።

ይህ እንዲሁ ማስፈራሪያ አይደለም፣ እዚሁ ሲዳማ ውስጥ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 የዓለም የቡና ዋጋ በአማካይ ፓውንዱ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። በዚያ ላይ ድርቅ መጣ። በ1995 ዓ.ም. በሲዳማ ቆላማ ቀበሌዎች ብዙ ሕፃናት በምግብ እጥረት ተጎድተው ሕክምና ምገባ ጣቢያ ገቡ። ዙሪያው አረንጓዴ ነበር። ከመኪና ላይ ሆኖ ላየው ሰው ረሃብ ያለ አይመስልም። ያው ቡና በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ በዓለም ገበያ ፓውንዱ ከ4 ዶላር በላይ ተሸጠ። ዛፉ ያው ነው፣ ገበሬውም ያው። የተለወጠው ከእሱ እጅ ውጪ የሆነ ነገር ነው። ለዚህ ነው ለብር የሚተከል ነገር ከቀለብ በተረፈ መሬት ላይ ይሁን የምለው። ዋጋ ሲወርድ ቤቱ ይቆጣል እንጂ አይራብም።

እንሰትም ቢሆን ሁሉን ይችላል ማለቴ አይደለም። በ1977ቱ ድርቅ የእንሰት አገር እንደ ሰሜኑ አልተመታም፣ ይህ እውነት ነው። ተክሉ ለወራት ዝናብ ቢቀር ቅጠሉን አድርቆ ግንዱ ውስጥ ባለው ውሃ ይቆያል። ግን ሁለት ጠላት አለው። አንደኛው ከላይ ያልኩሽ የዕድሜ ክፍተት ነው። ሁለተኛው እናንተ ጓሮ ገብቷል።

በሽታው ባለሙያዎች «እንሰት አጠውልግ» የሚሉት ሊሆን ይችላል። የሚያመጣው ዛንቶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ እንሰት ላይ ተለይቶ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ሙዝንም ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2001 ኡጋንዳ ውስጥ ታይቶ የሙዝ እርሻዎችን አራቁቷል። መድኃኒት የለውም። «ይረጫል፣ ይድናል» የሚል ነጋዴ ከመጣ ኪስሽን ያዢ።

ግን መጀመሪያ እሱ መሆኑን እናረጋግጥ። የጠወለገ እንሰት ሁሉ በአጠውልግ አይሞትም። አጠውልግ ብዙ ጊዜ ከመሀል ነው የሚጀምረው። ለጋው ቅጠል ቢጫ ይሆናል፣ ይታጠፋል። የቅጠሉን ዘንግ ቆርጠሽ ጥቂት ደቂቃ ጠብቂ። ከቁስሉ ላይ ቢጫ ወይም ክሬም የመሰለ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ከወጣ በሽታው እሱ ነው። ምንም ካልወጣ ሥሩን ቆፍሪና እዪ። ሥሩና አምቾው (ከመሬት በታች ያለው ወፍራሙ ክፍል) ላይ ነጭ ዱቄት የነሰነሱበት የሚመስሉ ትናንሽ ነፍሳት ካሉ፣ ጉንዳንም ካጀባቸው፣ ያ ሌላ ጣጣ ነው። ሥር የሚመጥ ተባይ ነው፣ በሲዳማና በጌዴኦ በሰፊው አለ። እሱ ዛፉን ቀስ ብሎ ያቀጭጫል እንጂ እንደ አጠውልግ በጅምላ አይጥልም። አንዳንዴ ደግሞ ጥፋተኛው ፍልፈል ሆኖ ይገኛል። ከሥር በልቶት እንሰቱ በአንድ ሌሊት ይዘነብላል፣ ሰው በሽታ ነው ብሎ ይደነግጣል።

አጠውልግ ከሆነ ዋናውን ነገር ልንገርሽ። በሽታውን ከእንሰት ወደ እንሰት የሚያዞረው በአብዛኛው የሰው እጅ ነው። ቢላዋ። የታመመውን የቆረጠ ቢላዋ ጤነኛውን ሲነካ በሽታው አብሮ ይገባል። ቅጠል ለላሟ የሚቆረጠው በዚያው ቢላዋ ነው። ለዳቦ መጋገሪያና ለቆጮ መጠቅለያ የሚቆረጠውም በዚያው ነው። ቢላዋውን ጎረቤት ይዋሰዋል። ጎረቤት የራሱን ይዞ ለሥራ ሊያግዝ ይመጣል። ከብት የታመመውን ግጦ ጤነኛውን ይነክሳል። ችግኝ ከገበያ ይገዛል፣ ከማን ጓሮ እንደመጣ አይታወቅም። ጓሮ ውስጥ ሙዝ ካለ ደግሞ የሙዙን አበባ የሚጎበኙ ነፍሳት በሽታውን ያመላልሱታል።

ስለዚህ ሥራው ሁሉ ቢላዋው ላይ ነው። ለጤነኛው አንድ ቢላዋ፣ ለታመመው ሌላ። አቅም ከሌለ አንዱኑ እየለበለቡ መጠቀም ይቻላል። እሳት ላይ ጋል እስኪል ይያዝ። ወይም በረኪና በውሃ በጥብጦ መንከር። በእያንዳንዱ እንሰት መሀል ነው ይህ የሚደረገው፣ ማታ ሥራ ሲያልቅ አይደለም። ሥራውም ከጤነኛው ተጀምሮ በታመመው ይለቅ። የታመመው ከነአምቾው ይነቀል። እየተጎተተ በጤነኞቹ መሀል አይለፍ። እዚያው አጠገቡ ጉድጓድ ተቆፍሮ ይቀበር። መንገድ ላይ ወይም ወንዝ ውስጥ መጣል ለጎረቤት መላክ ነው። ለላሟም አይሰጥ። ቦታው ላይ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንሰት አይተከል። ጎመን፣ ቦሎቄ፣ ያገኙትን ይዝሩበት። በሽታው ሰውን አይነካም፣ በዚህ እንዳይሰጉ ንገሪያቸው።

ወንድምሽ «ሁሉን ነቅለን እንገላገል» ቢል እንኳ የተነቀለው የት ይጣላል? ለሰፈሩ እንሰት ሁሉ ጠንቅ ነው። አንድ ቤት ብቻውን ቢጠነቀቅም ብዙ አይራመድም። ዕድሩ ላይ ቢነሳ ጥሩ ነው። የቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛም መጥቶ ሰው በተሰበሰበበት ቢያሳይ ይረዳል። አባትሽ ዝም ብለዋል ብለሻል። ዕድር ላይ የሚደመጥ ቃል ካላቸው ዝምታቸውን እዚያ ቢሰብሩት ይጠቅማል።

የሚሞተውን የሚተካው ችግኝ ከየት ይምጣ? ከራሳቸው ጤነኛ ጥግ። እናትሽ ያውቁታል፣ እኔ ለአንቺ ነው የምነግርሽ። ጥቂት ዓመት የሆነው፣ ያልደረሰ እንሰት ይቆረጥና አምቾው መሀሉ ተፈልፍሎ በፍግ አፈር ይቀበራል። ከአንዱ አምቾ ብዙ ጊዜ ከሃምሳ በላይ ቡቃያ ይወጣል። አንድ ዝርያ ብቻ ግን አይትከሉ። የሲዳማ እናቶች ጋንቲቻ፣ አስታራ፣ አዶ፣ ምዳሾ እያሉ የሚለዩት በከንቱ አይደለም። አንዱ ቶሎ ይደርሳል፣ አንዱ ለአምቾ ይጥማል፣ አንዱ ቡላው ይበዛል፣ አንዱ በሽታ ይችላል። ወላይታና ዳውሮ በኩል ማዚያ የሚባለው አጠውልግን በመቋቋም ይታወቃል። ይቋቋማል ማለት ግን ፈጽሞ አይያዝም ማለት አይደለም። በእንሰት ምርምር የሚሠራው የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ስለ ንጹሕ ችግኝ መጠየቅ ይቻላል።

ወደ ላሟ ልመለስ፣ ከእንሰቱ ጋር ተያይዛ ስላለች። በበጋ ሣር ሲጠፋ የላሟ መኖ የእንሰት ቅጠል ነው። የእንሰቱ ማዳበሪያ ደግሞ የላሟ እበት ነው። እንሰቱ ሲነቀል የበጋ መኖ ይገዛል፣ ወይም ላሟ ትሸጣለች። ላሟ ስትሸጥ የልጆቹ ወተት ይቀራል፣ ፍጉም ይቀራል። ማዳበሪያ በብር ሊገዛ ነው። ወንድምሽ «ዱቄት እንገዛለን» ሲል የሚገዛው ዱቄት ብቻ መስሎት ነው።

ቡናውም እንሰቱ አጠገብ ይወዳል። ለጋ ቡና በእንሰት ጥላ ሥር ጥሩ ያድጋል። ከእናንተ ደቡብ ያሉት ጌዴኦዎች እንሰት፣ ቡናና ትልልቅ ዛፍ ደራርበው ተዳፋት መሬት ላይ ብዙ ሕዝብ ይቀልባሉ። ይህ አያያዛቸው በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለቱሪስት ስላማረ ብቻ አይደለም፣ ስለሚያበላ ነው።

አሁን እናትሽ የማይወዱትን ልናገር። ቆጮ ሆድ ይሞላል፣ ጉልበት ይሰጣል። ፕሮቲኑ ግን በጣም ትንሽ ነው፣ ቫይታሚን ኤ የለውም ማለት ይቻላል። ትልቅ ሰው በዚህ ይቆያል። ሁለቱ ትናንሽ ልጆች ግን በቆጮ ብቻ ካደጉ ሆዳቸው ጠግቦ ሰውነታቸው ይጎዳል። ከጎኑ ቦሎቄ፣ ጎመን፣ ወተት፣ ሲገኝም እንቁላል መኖር አለበት። ቦሎቄ ለእናንተ መሬት የተመቸ ነው። በሦስት ወር ይደርሳል፣ በበልግም በመኸርም ይዘራል፣ መሬቱንም በናይትሮጂን ያዳብራል። ሐዋሳ ዱሜ የሚባለው ቀይ ቦሎቄ እዚሁ ሐዋሳ ምርምር ማዕከል የወጣ ነው፣ ለአካባቢው ይስማማል። በለጋው ቡና መሀል ወይም ከበቆሎው ጋር ሊሰባጠር ይችላል።

ስኳር ድንችም ጨምሪበት፣ ውስጡ ብርቱካንማ የሆነውን። ኩልፎና ቱላ የሚባሉ ዝርያዎች አሉ። ለልጆች ቫይታሚን ኤ ከዚያ የበለጠ በርካሽ የሚሰጥ የጓሮ ተክል አላውቅም። በዚህ ድንች ሥራ ላይ የነበሩ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2016 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። መስከረም ጥቅምት ላይ ሐረጉ ከተተከለ ከየካቲት ጀምሮ ይበላል። ያ ወቅት ደግሞ ጎተራ የሚጎድልበት ነው። ሰው «የድሃ ምግብ» ይለዋል፣ ተይው ይበል።

በቆሎውን በአጭሩ። ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ የአሜሪካ ተምች አገራችን ገብቷል፣ በበቆሎ ብቻ መተማመን ድሮም አይመከርም አሁን ይብሳል። ቡቃያው ጉልበት ሳይደርስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ልቡን ገልጦ ማየትና ትሉን በእጅ መልቀም በትንሽ ማሳ ላይ ይሠራል። ትልቁ ኪሳራ ግን ከማሳው በኋላ ነው። ኅዳር ላይ በርካሽ ይሸጣል፣ ግንቦት ላይ በውድ ይገዛል። የሚሸጠው ነቀዝ እንዳይበላው ተፈርቶ ነው። ፒክስ የሚባለው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ይህን ፍርሃት ያስቀራል። ውስጡ ሁለት ላስቲክ አለው። በደንብ የደረቀ እህል ተሞልቶ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር አየር ያጣል፣ ነቀዙ ታፍኖ ይሞታል። ያለ ምንም ኬሚካል ወራት ይቆያል። ቶሎ ቶሎ ግን አይከፈት። እህሉ እርጥብ ከሆነም ይሻግታል፣ አጥብቀሽ ንገሪያቸው።

እንግዲህ የወንድምሽ ጥማድ። መሬት እየጠበበ ነው፣ ጎልማሳ ነው፣ ብር ይፈልጋል። በእንሰት የትምህርት ቤት ደብተር አይገዛም ቢል አልፈርድበትም። ጫት ካለ አይሆንም ካለ፣ ዳር ዳሩን ይትከል፣ ከሩብ ጥማድ አይለፍ። በእኔ ምርጫ ግን ገንዘቡ ቡናና የተዳቀለ አቮካዶ ላይ ቢውል እመርጣለሁ። ይርጋለም አጠገባችሁ ነው። የተቀናጀው አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ አቮካዶ ለዘይት ይጨመቃል፣ ስለዚህ ገዢው ሩቅ አይደለም። የተዳቀለው በሦስት በአራት ዓመት ያፈራል። ዋጋ ቢወርድ ቢያንስ ይበላል። ጥላው ስለሚሰፋ ግን እንሰቱ ላይ አያስጠጉት። ባህር ዛፍ የሚል ሐሳብ ከመጣ አጭር መልስ፦ እንሰት አጠገብ በፍጹም።

እናትሽም ለገበያ ባዳ አይደሉም። ቡላ ሐዋሳ ውስጥ ምን ያህል እንደሚፈለግ አንቺ ታውቂያለሽ። ክትፎ ቤቱ ሁሉ ቆጮ ይፈልጋል። የተረፈ እንሰት ሲኖር እሱም ብር ነው፣ ያውም በእናትሽ እጅ የሚገባ። ችግሩ ጉልበቱ ነው። መፋቁ ወገብ ይቆርጣል፣ ሥራው ሁሉ የሴት ሆኖ ቀርቷል። እንሰቱ ይቆይ ብሎ የሚከራከር ወንድ ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ ይህን ሳይጠቅስ ማለፍ የለበትም። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የመፋቂያና የመጭመቂያ መሣሪያዎች ሠርቷል። አንድ መሣሪያ ለአንድ ቤት ውድ ነው፣ ሴቶቹ በማኅበር ቢይዙት ግን ያስኬዳል።

ብርሽን ምን ላይ ላውል ላልሽው፦ በየወሩ ለዱቄት አትላኪ። መጀመሪያ ሁለተኛ ቢላዋና በረኪና ይገዛ፣ ይህ ዛሬ ነገ የማይባል ነው። ከዚያ ለበልግ የሚደርስ የቦሎቄ ዘር። ቡቃያው ሲደርስ ለተከላ የቀን ሠራተኛ፣ እናትሽ እንዲያርፉ። ኅዳር ሲቃረብ ከረጢቱ። የአቮካዶ ችግኙ ወንድምሽ ራሱ ከሚያገኘው ይሁን፣ የራሱ ሲሆን ይንከባከበዋል።

በዓል ስትሄጂ ቆጠራውን ከእናትሽ ጋር ሥሪ፣ ወንድምሽም አብሮ ይዙር። እያንዳንዱን እንሰት ስንት ዓመቱ እንደሆነ እሳቸው ይናገሩ፣ አንቺ ጻፊ፣ የታመመውን እሱ ምልክት ያድርግበት። ውጤቱን ላኪልኝ። የቡናውን ዕድሜና ውሃ መኖር አለመኖሩንም ጨምሪ። ቡናው ያረጀ ከሆነ ከመንቀል በፊት ጎንደል ማድረግ፣ ማለትም ግንዱን ከታች ቆርጦ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ መተው ይቻላል፣ ስለ እሱ ያን ጊዜ እጽፍልሻለሁ።